ፖል ላንዥቬንና የአዮኖች መጋጠም

የፊዚክስ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች የፖል ላንዥቬንን ስም እናውቀዋለን፤ ሰውየውን ግን አናውቀውም። በማግኔት ምዕራፍ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ፈንክሽን አለ፤ በውሃ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ብናኝ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ከሚገልጹት ቀመሮች አንዱ የእርሱ ነው፤ በጋዝ ውስጥ የተለያዩ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ተመልሰው የሚጋጠሙበት ሕግም እንደዚሁ በስሙ ይጠራል። ለፈተና ሦስቱንም እንሸመድዳለን። ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ደረሰበትና ስለ ምን እንደ ታሰረ የጠየቀ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው።

እኛ ከሦስቱ የመጨረሻውን መርጠናል። ጥያቄው ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ የሚሳሳቡ ሁለት ተቃራኒዎች ከተለያዩ በኋላ ተመልሰው ለመገናኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ነገሩን በችኮላ ላየው ሰው መልሱ በመሳሳባቸው ብርታት ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ዳሩ ግን የተበተኑበት ቦታ ቅርጽ፣ ይኸውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል መሆን አለመሆኑ፣ ከመሳሳቡ ያላነሰ ሥልጣን እንዳለው በኋላ ታወቀ። ይህን በቦታው እንደርስበታለን። አስቀድመን ሰውየውን እንከተል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንዥቬን ጃንዋሪ 23 ቀን 1872 በፓሪስ ከተማ በሞንማርትር ሠፈር ተወለደ። አባቱ የግንባታ ሥራ እየለካ ሒሳቡን የሚያጣራ ሠራተኛ ነበር፤ ራሱ ትምህርቱን በወጉ ሳይገፋበት ስለ ቀረ ይቆጨው ነበርና ልጁን ወደ መጽሐፍ ገፋው። እናቱ ከሐኪሙ ከፊሊፕ ፒኔል ዘር የምትወለድ ናት፤ ፒኔል በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የአእምሮ በሽተኞች በሰንሰለት መታሰራቸው እንዲቀር በመድከሙ የታወቀ ነው።

በ16 ዓመቱ፣ በ1888፣ የፓሪስ ከተማ የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ ከተቋቋመ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የከበረ ስምም ያማረ ሕንፃም አልነበረውም። በላቦራቶሪው ግን ፒየር ኩሪ ያስተምር ነበር። ኩሪ ያን ጊዜ የራዲየም ሰው አይደለም፤ የክሪስታሎችን ቅርጽ የሚያጠና፣ ዝምታ የሚያበዛ መምህር ነው። በ1880 ከወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ፣ ኳርትዝን የመሰለ ክሪስታል ሲጨመቅ በፊቶቹ ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። የገበታ ጨው ክሪስታል ቢጨመቅ ይህን አያደርግም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጨው ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አዮኖች ከመካከለኛው ነጥብ ግራና ቀኝ እኩል ስለ ተደረደሩ፣ አንዱ ወገን የሠራውን ሌላው ያጠፋዋል። ኳርትዝ ግን እንዲህ ያለ መካከለኛ ነጥብ የለውም። ኩሪ ከዚህ ተነሥቶ በ1894 አንድ ትልቅ ሐሳብ አሳተመ፤ ሁሉም አቅጣጫ ፍጹም እኩል በሆነበት ቦታ ምንም ነገር ሊሆን አይችልም፣ አንድ ክስተት እንዲታይ የግድ የጎደለ እኩልነት መኖር አለበት የሚል ነው። ሚዛን እንኳ የሚያዘነብለው ሁለቱ ሳህኖች እኩል ካልሆኑ ነው። ላንዥቬን ይህን መምህር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልረሳውም፤ ትምህርቱም እንዳልጠፋበት ወደ ታች እናያለን።

ከዚያ በኋላ ሶርቦን ተማረ፤ የወታደርነት ግዴታውን ፈጸመ፤ በ1894 ወደ ኤኮል ኖርማል ገባ። እዚያም ከዣን ፔረን ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ይህም ወዳጅነት ከሞት በኋላ እንኳ አልተቋረጠም። በ1897 ትምህርቱን በአንደኝነት ጨርሶ የፓሪስ ከተማ በሰጠችው ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ወደ ኬምብሪጅ፣ ወደ ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ተላከ። የላቦራቶሪው አለቃ ጄ ጄ ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያሳወቀው በዚያው በ1897 ነው። ከኒው ዚላንድ የመጣው ራዘርፎርድም በዚያው ላቦራቶሪ ነበረ። አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ሊያገኝ የሚችል አይመስለንም።

በኬምብሪጅ የሁሉም ወሬ ስለ አዮን ነበር። አየር በተለመደው ሁኔታ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የራጅ ጨረር ሲያልፍበት ግን ከአንዳንድ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን ይፈናቀላል፤ የተነጠቀው ሞለኪውል ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጋቲቭ አዮን ይሆናል፤ አየሩም ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ጨረሩ ሲቆም አዮኖቹ እየተፈላለጉ ይጋጠማሉ፣ አየሩም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። የመጋጠሙ ፍጥነት የሁለቱን ብዛት ብዜት ይከተላል። የእያንዳንዱ ወገን ቁጥር እጥፍ ቢሆን ግጥሚያው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በተራ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ፖዘቲቭና አንድ ሚሊዮን ኔጋቲቭ አዮኖች ቢኖሩ፣ ግማሾቹ በ0.6 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ተጋጥመው ያልቃሉ።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ላንዥቬን በ1902 በቀረበውና በ1903 በታተመው የዶክተርነት ጽሑፉ የመለሰው ይህንን ነው። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ቢይዝ መልካም ነው፤ እኛም ያለ ሥዕል አልገባንም። አንድ ፖዘቲቭ አዮን በመካከል አስቀምጡና በዙሪያው ኳስ ሣሉ። ኔጋቲቮቹ ከየአቅጣጫው ወደ መካከል ይሳባሉ። ጋዙ ስለሚያግዳቸው በነፃነት አይወድቁም፤ ፍጥነታቸው በስበቱ ልክ ይሆናል። ስበቱ በርቀቱ ስኩዌር ይቀንሳል፤ የኳሱ ገጽ ደግሞ በርቀቱ ስኩዌር ይሰፋል። ስለዚህ ኳሱን ብታተልቁት ወይም ብታሳንሱት በገጹ ላይ እያለፈ ወደ ውስጥ የሚገባው የአዮን ብዛት አይለወጥም! ርቀቱ ከሒሳቡ ይጠፋል፤ የሚቀረው የአዮኑ የኤሌክትሪክ መጠንና የሁለቱ ወገን የመንቀሳቀስ ችሎታ ድምር ብቻ ነው። በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ እንደ ጥሩ ቅኔ ብዙ የሚያሳስብ ሒሳብ ነው።

ላንዥቬን እዚህ ላይ ግን አላቆመም። የተገናኘ ሁሉ ይጋጠማልን? ሁለት አዮኖች በኃይል ተሳስበው ሲቀራረቡ፣ ያን ያገኙትን ፍጥነት የሚቀበላቸው ካላገኙ ተላልፈው ሊሄዱ ይችላሉ። ፍጥነቱን የሚቀበለው በአጠገባቸው የሚገኘው የጋዝ ሞለኪውል ነው። እንግዲህ ጋዙ በታመቀ ቁጥር ግጥሚያው የተሳካ መሆን አለበት። በሙከራውም እንዲሁ አገኘው፤ በተራ አየር ግፊት ከ100 ግንኙነት 27 ያህሉ ብቻ በግጥሚያ ሲያልቅ፣ በአምስት እጥፍ ግፊት 90 ያህሉ ሆነ። በጣም በታመቀ ጋዝና በፈሳሽ ውስጥ ሁሉም ግንኙነት ግጥሚያ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሕግ ይህ የመጨረሻው ወሰን ነው።

አሁን ያ ኳስ የያዘውን ድብቅ ግምት እናውጣ። በመካከል የተቀመጠው አዮን ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢመለከት ያው ነው። ተቃራኒዎቹ በክፍሉ ውስጥ እኩል ተደባልቀዋል፤ ከአንዱ ወገን ይልቅ በሌላው የሚበዙበት ምክንያት የለም። የራጅ ጨረር አንድን ጋዝ ሲሞላው ይህ ግምት ከእውነት ብዙ አይርቅም። አልፋ ቅንጣት ሲያልፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከፖሎኒየም የወጣ አንድ አልፋ በአየር ውስጥ 3.8 ሳንቲሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ ይቆማል፤ በዚያች አጭር መንገድ 150,000 ያህል ጥንድ አዮኖችን ይፈጥራል። እነዚህ አዮኖች በክፍሉ ውስጥ አልተበተኑም፤ እንደ ክር በቀጠነ ዓምድ ውስጥ ታጭቀዋል። አማካይ ቁጥራቸውን ብናሰላ ጥቂት ናቸው፤ እነርሱ በሚኖሩበት ክር ውስጥ ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ግጥሚያው ደግሞ አማካዩን አይጠይቅም፣ ጎረቤቱን ነው የሚጠይቀው።

ይህ የታወቀው ከችግር ተነሥቶ ነው። በአውስትራሊያ ብራግና ክሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች አልፋ የፈጠራቸውን አዮኖች ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ዘርግተው ሲሰበስቡ ከሚገባው በታች አገኙ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ገና ሳይርቅ ወደ ተነጠቀበት ወደ ራሱ ሞለኪውል ይመለሳል ብለው ገመቱ። በፓሪስ ደግሞ ሙለን የተባለ ተመራማሪ መስኩን በአልፋው መንገድ ላይ በተለያየ አቅጣጫ ዘረጋው። መስኩ መንገዱን ሲያቋርጠው አዮኖቹ በቀላሉ ተሰበሰቡ፤ መስኩ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ግን ብዙዎቹ ተጋጥመው ጠፉ። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሞለኪውል የሚመለስ ቢሆን የመስኩ አቅጣጫ ይህን ያህል ልዩነት ባላመጣም ነበር። በጠባብ ቅያስ ውስጥ ሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት ቢመጣ አንዱ በሌላው መካከል እየተጋፋ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱም ወደ ጎን ወደ ሜዳው ቢወጡ ግን ሳይነካኩ ይለያያሉ። ጀርመናዊው ያፌ በ1913 ይህን በሒሳብ አሰናዳው። በያፌ ሒሳብ ውስጥ የግጥሚያው ሕግ ያው የቀድሞው የብዜት ሕግ ነው፤ የተለወጠው የቦታው ቅርጽ ብቻ ነው።

የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ድርሻቸው አላቸው። ጨረር ውሃን ሲመታ ራዲካሎች ይፈጠራሉ። ጋማ ጨረር አራርቆ ስለሚፈጥራቸው ብዙዎቹ አምልጠው ውሃው ውስጥ ከሟሟው ነገር ጋር ይሠራሉ። አልፋ ግን አጭቆ ስለሚፈጥራቸው እርስ በርሳቸው ይጋጠሙና ሃይድሮጅንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያበዛሉ። ውሃው አንድ፣ ራዲካሎቹም አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ውጤቱ ይለያያል። ነገሩም ወደ አንድ ወገን ብቻ አያደላም። ከኦርጋኒክ ቁስ በሚሠሩ የፀሐይ ብርሃን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮኑ በአንዱ ቁስ፣ ፖዘቲቩ በሌላው ቁስ ውስጥ ስለሚጓዙ የሚገናኙት በድንበሩ ላይ ብቻ ነው፤ በአንዳንዶቹም ግጥሚያው ከላንዥቬን ወሰን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ ሆኖ ተለክቷል። ስለዚህ አለመመጣጠን አንዳንዴ ግጥሚያን ያፋጥናል፣ አንዳንዴ ያዘገያል፤ የሚወስነው ተቃራኒዎቹ አብረው መታጨቃቸው ወይም ተለይተው መቀመጣቸው ነው። ዛሬ ኒውትሪኖን ለመያዝ በፈሳሽ አርጎን የተሞሉ ታላላቅ ገንዳዎችን የሚሠሩ ፊዚሲስቶችም የቅንጣቱ መንገድ ከመስኩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን እያዩ ሒሳባቸውን ያርማሉ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከ1902 ጀምሮ በኮሌዥ ደ ፍራንስ አስተማረ፤ በ1909 የሙሉ ፕሮፌሰርነት ወንበር ተሰጠው። በተማረበት ትምህርት ቤትም በ1905 የፒየር ኩሪን ቦታ ተረከበ። በዚያው ዓመት የማግኔትን ቲዎሪ፣ በ1908 የብናኙን ቀመር አወጣ። ስለ ሪሌቲቪቲ በ1911 ባደረገው ንግግር፣ ወደ ሰማይ ርቆ በታላቅ ፍጥነት ተጉዞ የሚመለስ መንገደኛ ምድር ላይ ከቀሩት ይልቅ በዕድሜ ወጣት ሆኖ እንደሚገኝ ገለጸ፤ ዛሬ የመንትዮቹ ነገር እየተባለ የምንከራከርበት ከዚያ የመጣ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት መንገደኛው ዞሮ ስለሚመለስና የቀረው ስለማይዞር መሆኑን ያስረዳው ራሱ ነው፤ እዚህም ላይ የኩሪ ተማሪነቱ ይታያል። አንስታይን በበኩሉ እርሱ ባይቀድመው ኖሮ ላንዥቬን ያንኑ ቲዎሪ ያገኘው እንደ ነበር መስክሮለታል።

በዚያው በ1911 መከራ መጣ። ፒየር ኩሪ በ1906 በሠረገላ አደጋ ሞቶ ነበር። ከሚስቱ ጋር ሰላም ያጣው ላንዥቬንና ማዳም ኩሪ ተቀራረቡ፤ ጋዜጦች ይህን አወጡት፣ ከደብዳቤዎቻቸውም አሳተሙ። ላንዥቬን ቴሪ ከተባለው ጋዜጠኛ ጋር በኖቬምበር 25 ቀን ሽጉጥ ይዞ ለመታኮስ ወጣ፤ ጋዜጠኛው ግን ሽጉጡን አላነሣም፣ ላንዥቬንም አልተኮሰም፣ ሁለቱም በደኅና ተመለሱ። እኛን የሚያሳዝነን ሌላው ነው። ስድቡ ሁሉ የወረደው በሴቲቱ ላይ ነበር፤ ባዕድ ናት፣ የሰው ቤት አፍራሽ ናት ተባለች፣ በዚያው ወር ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት ስታገኝ እንኳ አልተዉአትም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝንና የፈረንሳይን መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ቺሎቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ኢንጂነር በ1915 ከፍተኛ ድምፅ በውሃ ውስጥ ልኮ ገደል ማሚቶውን በመስማት ጠላትን መፈለግ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለላንዥቬን ተሰጠው፤ የመጀመሪያው ሙከራ በሴን ወንዝ ላይ ተደረገ። ድምፁን በብርታት የሚያወጣና የሚሰማ መሣሪያ ግን አልተገኘም። በ1917 ላንዥቬን መልሱን ከቀድሞው መምህሩ ላቦራቶሪ አወጣው፤ ኳርትዝ! ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ክሪስታል፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይለጠጣል፣ ይጨመቃል። የኳርትዝ ቁራጮችን በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል አድርጎ በሴኮንድ 40,000 ያህል ጊዜ አንቀጠቀጣቸው። በባሕር ውሃ ድምፅ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የሞገዱ ርዝመት ከ4 ሳንቲሜትር ያንሳል፤ ስለዚህ ድምፁ ሳይበተን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። በ1918 ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተመለሰ ማሚቶ ተሰማ። ጦርነቱ አለቀ እንጂ መሣሪያው አልቀረም፤ የባሕርን ጥልቀት መለኪያው፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ እርጉዝ እናት የምትታይበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ ዘሩ ከዚያ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ላንዥቬን ከሁሉ በላይ አስተማሪ ነው። ብዙ ያወቀውን ሳያሳትም በክፍል ይናገር ነበር ይባላል። ወጣቱ ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 ቅንጣት ሁሉ ሞገድ አለው የሚል የዶክተርነት ጽሑፍ ሲያቀርብ ከመርማሪዎቹ አንዱ ላንዥቬን ነበረ፤ ጽሑፉን ወደ አንስታይን የላከውም እርሱ ነው። የዓለም ታላላቅ ፊዚሲስቶች የሚሰበሰቡበትን የሶልቬ ጉባኤም ሎሬንትዝ ሲሞት በ1928 ተረክቦ በሊቀ መንበርነት መራው።

ነገር ግን ሊቅነቱን ይዞ በቤቱ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ገና በወጣትነቱ በሐሰት ለተፈረደበት ለካፒቴን ድሬይፉስ ከቆሙት ወገን ሆኖ ነበር። ፋሺስቶች በፌብሩዋሪ 1934 ፓሪስን ካወኩ በኋላ ከፈላስፋው ከአለንና ከፖል ሪቬ ጋር የፋሺዝም ተቃዋሚ ምሁራንን ኮሚቴ መሠረተ። እዚህ ላይ ነገሩ የእኛን አገር ይነካል። ኢጣልያ በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ስትወር ብዙ የፈረንሳይ ጸሐፊዎችና የአካዴሚ አባላት ምዕራቡን ዓለም እንከላከል በሚል መግለጫ ወራሪውን ደገፉ። በተቃራኒው ደግሞ ወረራውን ያወገዙ ምሁራን ተነሡ፤ የላንዥቬን ኮሚቴ የቆመው ከእነዚህ ጋር ነበር። ሁለቱም ወገን የተማረ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል፤ ዲግሪው ማንንም ከምንም አላዳነም።

በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ያዙ። በኦክቶበር 30 ቀን የ68 ዓመቱን ላንዥቬን ይዘው ላ ሳንቴ እስር ቤት አስገቡት። ብዕርና ወረቀት ስለ ከለከሉት በተቃጠለ የክብሪት እንጨት ሒሳቡን ይሠራ ነበር። በኖቬምበር 8 ቀን ኮሌዥ ደ ፍራንስ በራፍ ላይ ተማሪዎች ተሰበሰቡ፤ ሕንፃው በፖሊስና በወታደር ተከብቦ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 11፣ ተማሪዎች በትልቁ የድል ቅስት ዙሪያ ሰልፍ አደረጉ፤ የጀርመን ወታደሮች በኃይል በተኑአቸው፣ ከመቶ በላይ ታሰሩ፣ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲም ለጊዜው ተዘጋ። በዚያው ወር የላንዥቬን የሴት ልጁ ባል፣ የፊዚክስ ሊቁ ዣክ ሶሎሞን፣ ከፖሊትዜርና ከደኩር ጋር ሆኖ ነፃ ዩኒቨርሲቲ የተባለ ጽሑፍ በድብቅ እያባዛ ማሰራጨት ጀመረ። ይህችን መጽሔት በማባዣ የምናወጣ እኛ፣ አንድ ገጽ ማባዛት የሕይወት ዋጋ ያስከፍል በነበረበት ከተማ የነበሩትን እኩዮቻችንን ማሰብ ሳይከብደን አይቀርም። ሶሎሞንና ፖሊትዜር በሜይ 23 ቀን 1942 ተረሸኑ፤ ደኩር ከሳምንት በኋላ። የሶሎሞን ሚስት ኤሌን በጃንዋሪ 1943 ከ230 ሴቶች ጋር ወደ አውሽቪትዝ ተጫነች። ከእነዚያ 49 ብቻ ተመለሱ፤ እርስዋ ከተመለሱት አንዷ ናት።

ላንዥቬን ራሱ ከአንድ ወር በላይ ታስሮ ከወጣ በኋላ ትሯ በምትባል ከተማ በቁም እስር ተቀመጠ፤ የቪሺ መንግሥትም ከሥራው አባረረው። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የ1940ን የኮፕሊ ሜዳይ ሰጥቶት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እርሱ እስረኛ ነበር። በሜይ 1944፣ በ72 ዓመቱ፣ ወዳጆቹ ድንበር አሻግረው ወደ ስዊስ አገር አወጡት። ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ተመልሶ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ዳይሬክተርነት ያዘ፤ የሶሎሞን ፓርቲ ወደ ነበረው ወደ ኮሙኒስት ፓርቲም በዚያው ዓመት ገባ። የፈረንሳይን ትምህርት የሚያሻሽል ኮሚሽንም በሊቀ መንበርነት እንዲመራ ተሾመ። የኮሚሽኑ ዕቅድ ልጆች ሁሉ እስከ 18 ዓመታቸው እንዲማሩና የመማር ዕድል በአባት ሀብት እንዳይወሰን የሚል ነበር። የግንባታ ሒሳብ አጣሪው ልጅ ይህን ማሰቡ አያስገርመንም። ላንዥቬን ግን መጨረሻውን አላየም፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1946 በፓሪስ ሞተ። ዕቅዱን በ1947 ያቀረበው ባልደረባው ቫሎን ነው፤ እንዳለ በሕግ ሳይጸድቅ ቢቀርም በፈረንሳይ ትምህርት ክርክር ውስጥ ስሙ ሲነሣ ኖሯል።

በኖቬምበር 17 ቀን 1948 የላንዥቬን አስከሬን ፈረንሳይ ታላላቆችዋን ወደምታሳርፍበት ወደ ፓንቴዎን ተወሰደ። በ1942 በስደት ኒው ዮርክ የሞተው የኤኮል ኖርማል ጓደኛው ዣን ፔረንም በዚያው ቀን አብሮት ገባ። በዚያው ዓመት የላንዥቬን የልጅ ልጅ ሚሼል የማዳም ኩሪን የልጅ ልጅ ኤሌን ዦልዮን አገባ። ፒየርና ማሪ ኩሪ ወደ ፓንቴዎን የተወሰዱት በ1995 ነው፤ ተማሪው መምህሩን በ47 ዓመት ቀድሞታል።